አቃቂ ባቡር ጣቢያ፤ ታሪኩና የሰጠው አገልግሎት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ማኅበር ተማሪዎች የተነበበ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ ብቻ እንድንናገር የጠበቃችሁ ብዙዎች ትሆናላችሁ። እኛም የታሪክ ማኅበር ተማሪዎች በመጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነበረ። ዳሩ ግን ለጽሑፉ በተሰበሰብንበት ቀን ከመካከላችን አንዱ «ትምህርት ቤቱ ያለው አቃቂ ነው፤ አቃቂስ ከተማ የሆነችው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ ሁሉ እየዞረ ወደ አንድ ቦታ፥ ወደ ባቡር ጣቢያው መራን። ስለዚህ መምህራችንን አስፈቅደን ርእሳችንን ለወጥን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናዘዛለን። ይህን ንግግር ካዘጋጀነው ተማሪዎች መካከል አቃቂ ላይ ባቡር ቆሞ ሰው ሲሳፈር ያየ አንድም የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ይሄድ የነበረው ባቡር የተቋረጠው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ወይ አልተወለድንም፥ ወይ በአንቀልባ ላይ ነበርን። ሆኖም ዘወትር «ባቡር ጣቢያ ጋ እንገናኝ» እንባባላለን። ባቡር በሌለበት ባቡር ጣቢያ እያልን ማደጋችን እስከ ዘንድሮ ድረስ ለማናችንም እንግዳ ነገር መስሎ አልታየንም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ የመዘርጋት ፈቃድ ሰጡ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነበረ። መንገዱም በሦስት ክፍል የታሰበ ነበር፤ ይኸውም ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ከእንጦጦ ደግሞ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ። ይህን ያነበብን ጊዜ በጣም ተገረምን። በወረቀቱ ላይ ስማቸው ከተጠራው ቦታዎች ይህ ሐዲድ በእውነት የነካው ጅቡቲን ብቻ ነውና። ሐረርን ተራራው ስለ ከለከለው በስተ ግርጌ አልፎ ሄደ፤ በዚያም ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። እንጦጦ አልወጣም፤ ከፋም አልገባም። በወረቀቱ ላይ ያልታሰቡት ድሬዳዋና አቃቂ ግን ባቡሩን አገኙ። ከተማን የሚያቆመው ውሉ ሳይሆን ሎኮሞቲቩ በእርግጥ የሚቆምበት ቦታ መሆኑን የተረዳነው ከዚህ ነው።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በቆላው ሙቀትና በውኃ እጥረት መካከል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ። ምክንያቱ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ብንናገረው ፈረንሳይ፥ እንግሊዝና ኢጣልያ በመንገዱ ላይ ማን ሥልጣን እንደሚኖረው ሲፎካከሩ፥ ምኒልክም ሐዲዱ የባዕድ መንግሥት መግቢያ እንዳይሆን ሲጠነቀቁ፥ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ። በ1899 ዓ.ም. ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን አዲስ ፈቃድ ተሰጠና የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሥራውም ቀጠለ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ በጠቅላላው 14 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

የእኛ አገር ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በ1907 ዓ.ም. ገደማ ሐዲዱ አቃቂ ደረሰ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበረ። ሰባት መቶ ስድሳ ያህሉን ኪሎ ሜትር ያለፈ ሐዲድ የቀረችውን ሃያ ሦስት በጥቂት ወራት ይጨርሳታል ብሎ የማያስብ የለም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ወሰደ። ዘመኑ አንደኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ የሚፋጅበት ዘመን ነበር። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አቃቂ ከባሕር የሚመጣው ባቡር የሚቆምባት የመጨረሻ ጣቢያ ሆና ኖረች።

የመጨረሻ ጣቢያ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ጥቂት እናስብ። በመካከለኛ ጣቢያ ላይ ባቡር ጥቂት ቆይቶ ያልፋል፤ ዕቃው አብሮት ያልፋል፤ ሰውም በመስኮት አይቶ ያልፋል። በመጨረሻው ጣቢያ ግን ሁሉ ይወርዳል። ጨርቁ፥ ጨው፥ ቆርቆሮው ከፉርጎ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይጫናል፤ ለዚያ ጫኝ ያስፈልጋል፤ ለጫኙ እንጀራ የምትጋግር፥ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ታስፈልጋለች፤ ለበቅሎው ገለባ የሚሸጥ ገበሬ ያስፈልጋል፤ የመሸበት መንገደኛም ማደሪያ ይሻል። ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ የሚልከውም ነጋዴ እንዲሁ ጭነቱን ከአዲስ አበባ አውርዶ እዚህ ያስረክባል። ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ለተጫነ በቅሎ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አስቀድሞ ሲራራው ከመሐል አገር ባሕር ለመድረስ ከወር በላይ ይፈጅበት ስለ ነበረ፥ ይህችን የአንድ ቀን መንገድ ማንም እንደ ችግር የቈጠራት አይመስለንም።

እነዚያም ዓመታት ተራ ዓመታት አልነበሩም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ በጥቅምት የሰገሌ ጦርነት ሆነ፤ በየካቲት ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ደፉ። ይህ ሁሉ ሲፈጸም ባቡር ወደ አዲስ አበባ ገና አልገባም ነበረ። የመጀመሪያው ባቡር ዋና ከተማው የደረሰው በዚያው ዓመት፥ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። በታሪክ መጽሐፋችን ስለ ሰገሌ በተማርን ጊዜ በዚያ ሰዓት የሐዲዱ ጫፍ ወደ እኛ ሰፈር ዘንድ እንደ ነበረ የነገረን ስላልነበረ፥ ይህን ስናገኝ የተሰማንን ደስታ መደበቅ አንችልም።

በዚህ ላይ በማኅበራችን ውስጥ ጠብ ሊያስነሣ የደረሰ ነገር ስለ ነበረ እናጫውታችሁ። አንደኛዋ ጓደኛችን ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው ብላ ጻፈች፤ ሌላው በ1909 ነው ብሎ ሰረዘባት። ሁለቱም መጽሐፍ ይዘው ተከራከሩ። ክርክሩ ሦስተኛ ቀን ሲሆነው መምህራችን ሰምተው ሳቁና «አንዳችሁ በፈረንጅ፥ አንዳችሁ በእኛ ቈጥራችሁ ነው፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉን። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለማድረግ ተስማማን።

ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ካለፈ በኋላ አቃቂ የመጨረሻነቷን ለቀቀች፤ ጫኞችና በቅሎዎችም ተበተኑ። ጣቢያው ግን አልተዘጋም። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ሐዲዱ አንድ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚወጣው ባቡር የሚሄዱት በዚያው በአንዱ ሐዲድ ላይ ስለ ሆነ፥ የሚተላለፉት ተጨማሪ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ወደ ጎን ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ያልፋል። ስለዚህ የጣቢያ ሹም ዋና ሥራ ትኬት መቍረጥ ሳይሆን ከፊቱ ያለው መንገድ ነጻ መሆኑን ከሚቀጥለው ጣቢያ ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። ሳያረጋግጥ ባቡሩን ቢለቅ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት ይገናኛል። ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው እንቅልፍና ስካር እንደ ወንጀል የሚቈጠሩ ናቸው።

ሐዲዱ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ነው። በእንፋሎት ዘመን ሎኮሞቲቭ እንደ ሰው ይጠማው ነበርና በየመንገዱ ውኃ መሙላት ነበረበት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ከጅቡቲ ለሚመጣ ሰው አቃቂ የደረሰ ዕለት ማለት ጉዞው ያለቀለት ዕለት ነው፤ አቧራውን አራግፎ፥ ነጠላውን አስተካክሎ፥ ለተቀባዮቹ የሚዘጋጅበት ቦታ ነበር።

በአዲስ አበባ ያለው ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ ጣቢያውን «ላ ጋር» ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት ነው። ሕዝቡም «ለገሐር» አለው። ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ ቃሉን ከለገዳዲና ከለገጣፎ ጋራ አዛምደው የወንዝ ስም ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነውና ግምታቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። እንግዲህ «ለገሐር ባቡር ጣቢያ» የሚል ሰው ጣቢያ የሚለውን ሁለት ጊዜ ተናግሯል። «ፉርጎ» የምንለውም ከዚያው ከፈረንሳይኛው መጥቶ አማርኛ ሆኖ የቀረ ነው።

በአቃቂ ሐዲድ ላይ ካለፉት ባቡሮች ሁሉ አንዱን ብቻ እንጥራ። በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ወደ ጅቡቲ የወሰደው ባቡር ያለፈው በዚሁ ሐዲድ ነው፤ ሌላ ሐዲድ አልነበረምና። ከሦስት ቀን በኋላ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች «ሊቶሪና» የሚባለውን ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር አመጡ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ሊቶሪናው ግን ከነስሙ ቀረና ከነጻነት በኋላ ብዙ ዘመን አገለገለ። በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች መጥተው የእንፋሎቱን መተካት ጀመሩ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ።

የጣቢያችን ሁለተኛ ዕድሜ የምንለው ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። አቃቂ የፋብሪካ ከተማ ሆነች። ከህንዶች ጋራ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፥ ከዚያም የብረታ ብረትና ሌሎች ፋብሪካዎች በሐዲዱና በአውራ ጎዳናው አካባቢ ተተከሉ። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ወደዚህ የመጡት አብዛኞቹ ለእነዚህ ፋብሪካዎች ሥራ ነው። ጣቢያው ያን ጊዜ ለዋና ከተማው ዳርቻ የሚሆነውን አገልግሎት ይሰጥ ጀመር። ስለዚህ አገልግሎት በመጽሐፍ ያገኘነው ጥቂት ስለ ሆነ ከሽማግሌዎችና ከእናቶቻችን የሰማነውን እንናገራለን።

በሦስተኛ ማዕርግ ፉርጎ ውስጥ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጣብቀው የሚሄዱት የጅቡቲ ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም። ዶሮና እንቍላል ይዛ የምትወርድ ባልቴት፥ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ዘመዶቹ የሚሄድ የፋብሪካ ሠራተኛ፥ በዓል ለመዋል ወደ ሞጆና ወደ ናዝሬት የሚጓዝ ቤተ ሰብ ይሳፈሩበት ነበር። ባቡር ሲቆም ልጆች ቆሎና የተቀቀለ እንቍላል በመስኮት ይሸጣሉ። አንዲት እናት እንደ ነገሩን፥ ገንዘብ ሳይቀበሉ ዕቃ መስጠት በጣቢያ ላይ ትልቅ ሞኝነት ነበር፤ ባቡሩ ከተነሣ ገንዘቡ አብሮ ይሄዳልና። የተበደሩት ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሲያልፉ በመስኮት ወርውረው የከፈሉም ነበሩ፤ ይህንንም ያው ሴትዮ ናቸው የነገሩን።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ ባቡር ያመለጣቸውን ቀን አጫወቱን። በሰሌዳው ላይ 7 ሰዓት የሚል አይተው ተደላድለው ምሳቸውን በልተው ቢመጡ፥ ባቡሩ ከጧት ጀምሮ ሄዷል። ሰሌዳው የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል። «ልጄ፥ ከምሳዬ በቀር ያተረፍሁት የለም» አሉን። የዘመን አቈጣጠሩ ጠብ ለደረሰብን ለእኛ የሽማግሌው ነገር በደንብ ገባን።

ባቡሩ የደከመው በአንድ ቀን አይደለም። የአሰብ መንገድ ከተሠራ በኋላ ብዙ ጭነት ወደዚያ ዞረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መሥመሩ ተቋረጠ። ጅቡቲም በ1969 ዓ.ም. ነጻ ስለ ወጣች ባቡሩ ቈይቶ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋራ ጦርነት ሲነሣ የአገሪቱ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ፤ ባቡሩ እንደ ገና ሊነሣ የሚገባው ያን ጊዜ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱ አርጅቶ፥ ሎኮሞቲቩ ደክሞ ስለ ነበረ ጭነቱን የወሰደው የጭነት መኪና ሆነ። በመጨረሻም ከላይ እንደ ተናገርነው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ሥራውን አቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት አዲስ ባቡሮች መጥተዋል። የመጀመሪያው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። የሰሜንና ደቡቡ መሥመር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ፥ በለገሐር በኩል አልፎ፥ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። አቃቂ አይደርስም። እኛ በዚህ ጥቂት ቅር ብሎናል፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። የቀድሞዎቹ ከባሕር ተነሥተው መጥተው አዲስ አበባ ለመግባት 23 ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው እኛ ዘንድ ቆመው ነበር፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ እኛ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቆሙ።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፥ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። መነሻው ሰበታ ሲሆን፥ የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈረው በከተማው ዳርቻ ከፉሪ ለቡ ነው፤ ለጭነት የተሠራው የእንዶዴ ጣቢያም ከአቃቂ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በኋላ ባቡሩ ዳግመኛ ከከተማው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገደኛውም ወደ እርሱ ሄዶ ይሳፈራል። ልክ እንደ አቃቂ ሁለት ዓመታት ማለት ነው፤ ልዩነቱ በበቅሎ ፈንታ ታክሲ መሆኑ ነው።

ስለ ሁለቱ ሐዲዶች የተናገርነውን በዓይናችሁ እንድታዩት ከኳስ ሜዳው ዳር በኖራ አራት መሥመር አሥምረናል። በስተ ቀኝ ያሉት ሁለቱ አንድ ሜትር ይራራቃሉ፤ የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ይህ ነው። በስተ ግራ ያሉት ሁለቱ አንድ ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ይህም የአዲሱ ነው። ስናሠምር አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጥቶ እግሩን በቀኙ መሥመር ግራና ቀኝ አንፈራጥጦ ቆመና «ይህን በምታህል መንገድ ነው አገር የተጫነው?» አለ። አዎን፥ ይህን በምታህል መንገድ ነው። የግራው ሰፊ ስለ ሆነ ከባድ ጭነት ይሸከማል፤ በፍጥነትም ይሮጣል። አሮጌው በዚህ ሊወዳደረው አይችልም፤ እኛም ይወዳደራል አንልም። ግን ባልቴቷ ከነዶሮዋ የምትሳፈረው በየመንደሩ ከሚቆመው ባቡር ላይ ነበር፤ እርሷ ዛሬ በሚኒባስ ነው የምትሄደው።

ከመቀመጣችን በፊት ለወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረ አባት ወይም አያት ያላችሁ በመካከላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። በሣጥን ውስጥ አሮጌ ትኬት፥ የደመወዝ ደብተር፥ የሠራተኛ ባርኔጣ ወይም በጣቢያው ፊት የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ካለ፥ ለመጋዝና ለእሳት ከመድረሱ በፊት ለጥቂት ቀን አውሱን። ፎቶግራፉን ገልብጠን፥ ጽሑፉን ቀድተን፥ የሰጠንን ሰው ስም መዝግበን በእጃችሁ እንመልሳለን። የፈረንሳይኛውን ደግሞ የቋንቋ መምህራችን ሊያነቡልን ፈቅደዋል። የታሪክ ማኅበር ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ዛሬ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ሆኖ ይቈያል፤ ሰዓቱም በእኛ አቈጣጠር ነው።